ያልተሰበረ መንጋጋ ጠጋኙ

ሦስት ወር ሙሉ ያልተሰበረ መንጋጋ ስጠግን ከረምሁ። አማካሪዬ እስከ ዛሬ ይህን አያውቅም። ለእርሱ የጻፍሁለት «አንዳንድ የኮንታክት ማስተካከያዎች አድርጌያለሁ» ብዬ ነው። በእንግሊዝኛ ስለጻፍሁት ውሸት እንኳ አልመሰለም።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። የመካኒካል ኢንጂነሪንግ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ የተሰበረ የታች መንጋጋ በቲታኒየም ፕሌትና ብሎን ሲያያዝ፣ ሰውየው በሚነክስበት ጊዜ ጭነቱ በየት በየት እንደሚያልፍ በኮምፒውተር ሞዴል የሚያጠና ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «በትራፊክ አደጋና በጠብ መንጋጋው የሚሰበረው ወገናችን ብዙ ነው» እያልሁ ፊቴን አኮሳትራለሁ። እውነቱ ግን ርእሱን የመረጥሁት አንድ የማላውቀው ሰው በሠራው ሥዕል ተማርኬ ነው። መንጋጋው በቀስተ ደመና ቀለም ተለቅልቋል፤ ጭነት የበዛበት ቀይ፣ የቀለለበት ሰማያዊ፣ መሐሉ ብጫና አረንጓዴ። እንዲህ ያለ ሥዕል የጽሑፌ ሽፋን ላይ ቢወጣ ስል ተመኘሁ። ጥናቱ የመጣው ከሽፋኑ በኋላ ነው።

ለክረምቱ ላፕቶፔን ይዤ ግልገል በለስ እናቴ ቤት ገባሁ። መንጋጋውንም ከኢንተርኔት አውርጄ ነበር፤ ስሙ ተሰርዞ ለተመራማሪ ሁሉ የተለቀቀ የአንድ ሰው ሲቲ ስካን ነው። ሲቲ ስካን ጭንቅላትን እንደ ድፎ ዳቦ በስሱ በስሱ እየቆራረጠ የሚያነሳ መሣሪያ ነው፤ ቁርጥራጩን መልሰህ ስትደራርበው አጥንቱ ብቻውን ወጥቶ ስክሪኑ ላይ ይሽከረከራል። እናቴ አንድ ምሽት ቡና ይዛልኝ ስትገባ ይኸው መንጋጋ ጥርሱን አግጥጦ ሲዞር አገኘችው።

«በስመ አብ! ይሄ የማን ነው?»

«የማንም አይደለም እማዬ። ከኢንተርኔት ያወረድሁት ነው።»

«ባለቤቱ ያውቃል?»

ይህን ጥያቄ የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴም ጠይቆኛል፤ ግን እንደርሷ ዓይን ዓይኔን እያየ አይደለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ላፕቶፑን በነጠላ ትሸፍነው ነበር። እኔ ደግሞ ለመንጋጋው አያ ጅቦ የሚል ስም አወጣሁለት፤ ንክሻው ኃይለኛ ነውና።

ዘዴው ፋይናይት ኤለመንት ይባላል። ስሙን ያወጣለት ሬይ ክላፍ የሚባል የበርክሌይ ፕሮፌሰር ነው፣ በፈረንጆቹ 1960። ቅርጹ አስቸጋሪ የሆነን ነገር ባንድ ጊዜ ማስላት ሲያቅትህ በጣም ትንንሽ ቁርጥራጮች አድርገህ ትከፋፍለዋለህ። እያንዳንዱ ቁርጥራጭ ኤለመንት ይባላል፤ ሁሉም ተያይዘው መረብ ስለሚመስሉ ሜሽ እንላቸዋለን። እያንዳንዱ ኤለመንት ስትጫነው ትንሽ ታጥፎ መልሶ እንደሚገፋ ስፕሪንግ ይቆጠራል። ከዚያ ኮምፒውተሩ የመቶ ሺሁን ጎረቤታሞች ግፊያ ባንድ ላይ ያስታርቃል። ክላፍ ከባልደረባው ጋር ይህን ዘዴ በ1962 ከተጠቀመበት ሥራ አንዱ አርካንሳስ ውስጥ ያለ መሐሉ የተሰነጠቀ ግድብ ነበር።

ይህን የግድብ ታሪክ ያነበብሁ ቀን ዋልሁበት። ግድብ ወደሚሠራበት ወደ ጉባ ያልፍ የነበረውን የሲሚንቶ መኪና አቧራ እየቃምን ላደግን ልጆች ግድብ ማለት ሌላ ነገር ነው። ቻግኒ መውጫው አካባቢ ካለ ሻይ ቤት ተቀምጬ «145 ሜትር የሚረዝም ኮንክሪትም የሰው መንጋጋም አንድ ዓይነት ስሌት ነው» ብዬ አወጅሁ። ሳምንቱን ሙሉ ስለ መንጋጋ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። ግድቡ ስንት ዘመን ይቆያል? የመሬት መንቀጥቀጥ ቢመጣስ? ውኃው ሲሞላ ኮንክሪቱ ይሞቃል ወይስ ይበርዳል? አፌን ሞልቼ መለስሁላቸው። ሲሚንቶ ሲቦካ እንኳ ቆሜ ያላየሁ ሰው ነኝ።

ወደ ኃጢአቴ ልመለስ።

አያ ጅቦን ሰበርሁት። ማለት በኮምፒውተሩ ከግራ በኩል፣ መንጋጋው ወደ ጆሮ ከሚታጠፍበት ማዕዘን ላይ፣ የመጨረሻዋ መንጋጋ ጥርስ ከበቀለችበት አጠገብ ለሁለት ከፈልሁት። ሰው ላይም ብዙ ጊዜ ከሚሰበርባቸው ቦታዎች አንዱ እሱ ነው። ከዚያ ባለ አራት ቀዳዳ ፕሌት ሥዬ በብሎን አያያዝሁት። ከጆሮ ሥር ያሉትን ሁለት መታጠፊያዎች ግንብ ውስጥ የተቀበሩ ያህል ቸከልኋቸው፤ ከአገጩ በኩል አንድ ቀስት ወደ ታች ሳብሁ፤ ማታ «አስላ» ብዬው ተኛሁ። መብራት ዘጠና ፐርሰንት ላይ ሄደ። በማግሥቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ሌሊት ጨረሰ፤ ያ ቀስተ ደመና ወጣልኝ። እናቴን ቀስቅሼ አሳየኋት። «ቆንጆ ነው፣ ተኛ አሁን» አለችኝ።

ውጤቱ ደግሞ ጉድ ነበር። ፕሌቱን ከመንጋጋው ላይኛው ጠርዝ ባኖረው፣ ከታችኛው ጠርዝ ባኖረው፣ ሁለት ባደርገው ልዩነት የለም። ፕሌቱ ራሱ ምንም አይሰማውም፤ ድፍን ሰማያዊ ነው። አስቡት! ማክሲም ሻምፒ የሚባለው የስትራስቡርግ ቀዶ ሐኪም በፈረንጆቹ 1978 ትንንሽ ፕሌቶች መቀመጥ ያለባቸው በዚህ በዚህ መሥመር ላይ ነው ብሎ ካርታ አውጥቶ ነበር። ማዕዘኑ ላይ አንድ ፕሌት ከላይ በኩል ይበቃል፤ ከፊት አገጩ ጋ ግን አጥንቱ ስለሚጠመዘዝ ሁለት ያስፈልጋል ይላል። የዓለም ሐኪም ያንን ካርታ ሲከተል ኖሯል። እኔ ግን ከግልገል በለስ ተነሥቼ ካርታው ትርጉም እንደሌለው ደረስሁበት! ሦስት ገጽ ተኩል ማብራሪያ ጻፍሁ። አንዱ አንቀጽ «ይህ ግኝት የቆየውን ልማድ እንደገና እንድንመረምር ያስገድዳል» ይላል። አሁን ሳነበው ጆሮዬ ይግላል።

የሆነው ምን መሰላችሁ? የምሠራበት ሶፍትዌር ሁለት አካላት ሲነካኩ ካገኘ፣ ካላዘዝኸው በቀር፣ እንደተጣበቁ አድርጎ ይወስዳቸዋል። እኔ አላዘዝሁትም። ስለዚህ የሰበርሁትን አጥንት ያቺኑ ሰዓት መልሶ ሙጫ ቀብቶ አድኖ አሳደረልኝ። ፕሌቱ የዳነ አጥንት ላይ የተለጠፈ ጌጥ ነበር፤ ከላይ ቢሰቀል ከታች ቢሰቀል ምን ለውጥ ያመጣል?

ሌላም አለ። ስሌቱ በሚሊሜትርና በሜጋፓስካል ሲሆን የቲታኒየም ግትርነት 110 ሺህ ተብሎ መግባት አለበት። እኔ 110 ብዬ አስገባሁ፤ መጽሐፉ ላይ በጊጋፓስካል የተጻፈውን እንዳለ ገልብጬ። ሐኪም መንጋጋ የሚያስርበትን ብረት ከጀሪካን ፕላስቲክ በታች አለሰለስሁት ማለት ነው። ለስላሳ ነገር ጠንካራ አጥንት ላይ ለጥፈህ ብትጭነው ጭነቱ በአጥንቱ ያልፋል፤ ልስልሱ አርፎ ይተኛል። እኔ ደግሞ «ፕሌቱ ከሚገባው በላይ አስተማማኝ ነው» ብዬ ጻፍሁ። ሁለቱ ስሕተቶች አንዱ ሌላውን እየሸፈነ እንደ ባልና ሚስት ተስማምተው ኖሩ።

ያው ሦስተኛም አለ፤ ይኼኛው ግን ስሕተት አይደለም፣ አውቄ ነው። አጥንቱ ውስጥ ያለች አንዷ የብሎን ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ቀይ ነጥብ ወጥታ ነበር። ሜሹን ባደቀቅሁት ቁጥር ቁጥሯ ይጨምራል። ሹል ማዕዘን ላይ እንዲህ ይሆናል፣ መፍትሔው ማዕዘኑን ማለዘብ ወይም ነጥቧን በምክንያት ለይቶ ማስረዳት ነው። እኔ ግን የቀለሙን መለኪያ ከፍ አደረግሁት፤ ቀዩ ብጫ ሆኖ አረፈ።

በዚህ መሐል ከእናቴ ጋር ገበያ ወረድሁ። የጉሙዝ ሴቶች ሸክም እንዴት እንደሚይዙ አገራችንን የረገጠ ሁሉ ያውቃል፤ ረጅም እንጨት ትከሻቸው ላይ ያጋድሙና ከኋላም ከፊትም ሸክሙን አንጠልጥለው በሚዛን ይሄዳሉ። እንጨቱ በየእርምጃው ወደ ታች ይለመጣል። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው ኖሬአለሁ። የእናቴ ደንበኛ የሆነች ሴት ማንጎዋን አራግፋ እንጨቷን ስታገላብጥ መሐሉ ላይ ስንጥቅ አየሁ።

«ከላይ በኩል ነው የተሰነጠቀው?» አልኋት፣ ወሬ ለማንሳት ያህል።

«ከላይ ነው እንጂ! ከታች ምን ይሰነጥቀዋል?» አለችና ከእናቴ ጋር ተያይተው ሳቁብኝ።

እኔም አብሬ ስቄ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ሁለት ጫፉ ወደ ታች ሲጎተት የእንጨቱ ጀርባ ይሳባል፣ ሆዱ ይጨመቃል፤ የሚከፈተው የተሳበው ነው። መንጋጋም በፊት ጥርስ ሲነከስ እንዲሁ ነው። የማኘኪያ ጡንቻዎች ከኋላ ወደ ላይ ይጎትታሉ፣ ምግቡ ከፊት ወደ ታች ይገፋል፣ ስብራቱ ከጥርሱ በኩል አፉን ይከፍታል፣ ከታች በኩል ደግሞ አጥንት ከአጥንት ይጋጠማል። ስለዚህ ትንሽ ፕሌት ከላይ ሆና መሳቡን ከያዘች መጨመቁን አጥንቱ ራሱ ይችለዋል። ሻምፒ ከላይ አድርጉ ያለው ለዚህ ነው። ስድስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የቆየው ሰው ይህን የማንጎ ነጋዴዋ አፍ ላይ ሰምቶ ማንጎውን ተሸክሞ አለፈ።

ነሐሴ ላይ የአክስቴ ልጅ ከሞተር ሳይክል ወደቀ። ማታ ዝናብ ላይ ነው፤ ጠጥቶ ነበር አልነበረም የሚለውን ለአክስቴ ስል እተወዋለሁ። ቤታቸው ስደርስ ሰፈሩ ሞልቷል። አንዷ ጎረቤት «ተመስገን፣ የመንጋጋው ዶክተር መጣ!» ብላ መንገድ አስለቀቀችልኝ። «ዶክተር አይደለሁም» ማለት ነበረብኝ። ለማለት አፌን ከፍቼም ነበር። ግን ሰዉ ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ያ የተለመደው ነገሬ መጣብኝና ላፕቶፔን አስመጣሁ።

የአክስቴ ልጅ ደም እየተፋ አልጋ ላይ ተቀምጧል፤ እኔ አጠገቡ ሆኜ አያ ጅቦን አዞርሁለት። «የተሰበርኸው እዚህ ጋ ሳይሆን አይቀርም» አልሁት ጣቴን ስክሪኑ ላይ አድርጌ። ልጁ ምን ይበል? በአንድ ዓይኑ ሥዕሉን አየልኝ። አንድ ሕፃን «ለምንድነው አረንጓዴ የሆነው?» አለ።

በዚህ ጊዜ ወጌሻው ገቡ። እኒህ ሰውዬ የእኔንም ክንድ በልጅነቴ ያሹ ናቸው። እጃቸውን ታጥበው ፋኖሱን አስጠጉና ፊቱን ሳይነኩ ቆይተው አዩት።

«እስቲ ጥርስህን ግጠም፣ የኔ ልጅ። ቀስ ብለህ። እንደ ዱሮው ይገጥማል?»

ራሱን ነቀነቀ፤ አይገጥምም።

«የታች ከንፈርህስ ይሰማሃል? ደንዝዟል?»

ደንዝዟል።

«ሁለት ቦታ ነው» አሉ ጋሼ። «በግራ ከማዕዘኑ፣ በቀኝ ደግሞ ከፊት። እኔ የእጅና የእግር ነኝ፤ ይሄ የሐኪም ነው።» ከአገጩ እስከ አናቱ በሻሽ ደግፈው አሰሩት፤ እንዳይተኛ፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ደሙ እንዲፈስ፣ ሌሊቱን እንዲወስዱት አዘዙ። መንጋጋ ከዚህም ከዚያም በጆሮ ሥር የተያዘ ቀለበት ነገር ስለሆነ አንድ ጎን ሲመታ ሌላውም ጎን ብዙ ጊዜ አብሮ ይሰበራል። ጽሑፌ መግቢያ ላይ ይህን እኔው ጽፌዋለሁ። የሰበርሁት ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ሁለት ቦታ መስበር ሜሹን ያስቸግራላ።

ከ3500 ዓመት በላይ የሆነው፣ የኤድዊን ስሚዝ ፓፒረስ የሚባለው የግብፅ የሕክምና ጽሑፍ የወለቀ መንጋጋ እንዴት እንደሚመለስ ያስተምራል፤ ቁስል ያለበት የመንጋጋ ስብራት ሲገጥመው ግን የማይታከም ሕመም ነው ብሎ እጁን ይሰበስባል። አቅምን ማወቅ የጥንት ሙያ ነው ማለት ነው። እኔ ጋ አልደረሰም።

ጋሼ ሊወጡ ሲሉ ወደ ላፕቶፔ ጎንበስ አሉ። «ይሄስ ያንተኛው፣ የላይ ጥርስ የለውም?»

የለውም። የታች መንጋጋ ብቻ ነው። ጥርሶቹም ከአጥንቱ ጋር አንድ ላይ የተጋገሩ ናቸው።

«ታዲያ ገጠመ አልገጠመ በምን ታውቃለህ?»

ሦስት ወር የሠራሁት ሥራ በአንድ ጥያቄ አለቀ። ጥርሱ ከጥርሱ ካልገጠመ አጥንቱ ቢድንም ሰውየው አይበላም፤ የመንጋጋ ጥገና ሀሁ ይኸው ነው። እኔ ግን ስለ መግጠም አንዲት ቃል አልጻፍሁም ነበር።

ሪፈር ተጽፎለት በቻግኒ፣ በእንጅባራ አድርገን ባሕር ዳር ገባን። አስታማሚ ሆኜ የሄድሁት እኔ ነኝ፤ ማካካሻ መሆኑ ነው። ቀዶ ሐኪሙ መጀመሪያ ያደረገው ነገር የላይና የታች ጥርሶቹን በሽቦ አንድ ላይ ማሰር ነበር። ጥርሱ ቦታውን ሲይዝ አጥንቱም ተከትሎ ይይዛል፤ ፕሌቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሂፖክራቲስም ከ2400 ዓመት በፊት ጥርስን ከጥርስ በወርቅ ሽቦ ወይም በክር እሰሩ ብሎ ነበር። ነገሩ ሁሉ ከጥርስ ይጀምራል። እኔ ጥርሱን ሜሽ ያበዛብኛል ብዬ ልቆርጠው ነበር።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሐኪሙን ኮሪደር ላይ አገኘሁት። ወጣት ነው፤ ደክሞታል። ማዕዘኑ ላይ አንድ ፕሌት ብቻ ማድረጉን ሰምቼ ነበርና «ሁለት ቢሆን ኖሮ በሞዴል ሲታይ ይበልጥ ግትር ነው» አልሁት። ይህን እንኳ ከእኔ ሞዴል አይደለም ያገኘሁት፤ የእኔ ሞዴል ልዩነት የለም ነው የሚለው።

«የኤሊስን ወረቀቶች አንብበሃቸዋል?» አለኝ።

«አዎ፣ እንዴታ» አልሁት።

አላነበብኋቸውም። በማጣቀሻ ዝርዝሬ ላይ ግን አሉ፤ ዝርዝሩን ከሌላ ሰው ጽሑፍ ላይ እንዳለ ስገለብጠው አብረው መጡ። ማታ ሕሙማን ከተኙ በኋላ በስልኬ ፈልጌ አነበብኋቸው። ኤድዋርድ ኤሊስ የሚባለው አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም ከባልደረባው ጋር በፈረንጆቹ 1994 ማዕዘኑ ላይ ሁለት ትንንሽ ፕሌቶች ያደረገላቸውን ሕሙማን ተከታትሎ ነበር፤ ከመቶ 28ቱ ኢንፌክሽንና ሌላ ችግር ገጠማቸው። በ1996 በአንድ ፕሌት ብቻ የታከሙትን ሲያይ ወደ 16 ወረደ። ኮምፒውተሩ ሁለቱን ይመርጣል፣ ሰውነት አንዱን። ምክንያቱ እስከ መጨረሻው የጠራ ባይሆንም ሁለተኛውን ፕሌት ለማስገባት ሥጋው የበለጠ መገለጥ አለበት፤ አጥንቱን የሚመግበው ስስ ሽፋንም ደሙን ይዞ ይላቀቃል። አያ ጅቦ ሽፋን የለውም። ደምም የለውም። ቁስሉ መግል ቢቋጥር የሚያሳይበት ቀለም የለውም።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ አጥሚት ማሞቅ ሆነ። የአክስቴ ልጅ ጥርሱ በሽቦ ስለታሰረ በስትሮ ነው የሚጠጣው፤ አጥሚት፣ ሾርባ፣ ተልባ፣ የማንጎ ጭማቂ። መናገር ስለማይችል በስልኩ ይጽፍልኛል። በሁለተኛው ሳምንት፣ ሽቦው ከላላለት በኋላ፣ ለስላሳ ገንፎ በጀርባ ጥርሱ ሊጫን ሞክሮ ፊቱን ጨምድዶ ማንኪያውን መለሰልኝ። ያኔ አገጩ ላይ የሳብኋት ቀስት ትዝ አለችኝ። 500 ኒውተን ነበረች፤ ግማሽ ኩንታል ጤፍ መሆኑ ነው። ጤነኛ ጎልማሳ በጀርባ ጥርሱ እንደዚያ ሊነክስ ይችላል። መንጋጋው በተጠገነ በሳምንቱ ግን የሰው ጡንቻ ራሱ ያውቃል፤ እየፈራ፣ እየለገመ፣ ቀስ እያለ ነው የሚመለሰው። በፊት ጥርስ ደግሞ ጤነኛውም ያን ያህል አይነክስም። አጥሚት በስትሮ የሚጠጣ ሰው አገጭ ላይ ግማሽ ኩንታል ጤፍ የሰቀልሁ እኔ ነኝ።

«ምን እያሰብክ ነው?» ብሎ ጻፈልኝ።

«ስለ ጤፍ» አልሁት። ምራቁን ዋጠ። ያን ያህል ጨካኝ መሆኔን አላስተዋልሁም ነበር።

መስከረም ላይ ቤት ተመልሼ ሞዴሉን ከሥር ጀመርሁት። ስብራቱን ከሙጫው አላቀቅሁ፤ ሁለቱ አጥንቶች እንዲነካኩ፣ እንዲንሸራተቱ፣ እንዲለያዩም ፈቀድሁላቸው። ለቲታኒየሙ የጎደሉትን ሦስት ዜሮዎች መለስሁ። ከአገጩ ላይ ቀስቷን ነቅዬ ጡንቻዎቹን በየቦታቸው አስገባሁ፤ ጥርሱንም የሚነክሰው ነገር ሰጠሁት። ያ ማለት ፕሮግራሙ አሥራ አንድ ጊዜ «አልተፈታም» ብሎ ተዘጋ ማለት ነው። በአሥራ ሁለተኛው ሲፈታ ስብራቱ ከላይ በኩል፣ ከጥርሱ አጠገብ፣ አፉን ከፈተ፤ ልክ እንደዚያ የገበያ እንጨት። ፕሌቷን ከላይ ሳደርጋት ተዘጋ፤ ከታች ሳደርጋት ተከፈተ። የጽሑፌ አዲሱ መደምደሚያ እንግዲህ ሻምፒ በ1978 ትክክል ነበር የሚል ነው። ሦስት ገጽ ተኩሉን ሰርዤ በዘጠኝ መሥመር ተካሁት።

አማካሪዬ ተደስቷል። «አሁን አጥንት መሰለ» አለኝ።

አዲሱ ሥዕል ግን አስቀያሚ ነው። አብዛኛው ግራጫ ወደሚመስል ሰማያዊ ሄዷል፤ ቀዩ ፕሌቷ ስብራቱን በምትሻገርበት ቦታ ላይ የትንኝ ንክሻ የምታህል ነጥብ ናት፣ ፈልገህ ነው የምታገኛት። መለኪያውንም በዚህ ጊዜ አልነካሁትም።

ጽሑፉ ተጠርዞ ሲመጣ ለአክስቴ ልጅ አንድ ቅጂ ሰጠሁት። እያገላበጠ፣ ገና አፉን በደንብ ሳይከፍት፣ «ሽፋኑ ላይ ያለው ውስጥ ካለው ጋር አንድ አይደለም» አለኝ።

አይደለም። ሽፋኑ ላይ ያለው የመጀመሪያው ነው፣ ያ ያልተሰበረው። ያምራላ።